የእመት ኤሊ አባት

ይህን ነገር ውሸት ነው የሚል ሰው ካለ፣ አውራ ጣቱን ማር ነክሮ ወደ ሰጎን ሜዳ ብሔራዊ ፓርክ ይሂድና ይሞክረው። ሲመለስ እናወራለን። ከተመለሰ።

ሽመክት በዚያ ቀን እንደ ወትሮው ጎህ ሳይቀድ ተነሳ። የእመት ኤሊን ጀርባ በእርጥብ ጨርቅ ወለወለ፣ ጎመናቸውን አቀረበና እጅ ነስቶ፣ "እንዴት አደሩ እመት?" አለ። እመት ኤሊ አልመለሱም። ሰውየው መጠየቁ ግዴታው ነው፤ መመለስ አለመመለሱ የእሳቸው ፈቃድ ነው። አንድ ጠዋት እንቅልፍ ጥሎት "እንዴት አደርሽ" ቢላቸው፣ ጣራው ላይ የምታንዣብበው የብረት ንብ ሰምታ ኖሮ ቀኑን ሙሉ ውሃ ተከለከለ። ከዚያ ወዲህ በህልሙ እንኳ አንቱ ነው የሚላቸው።

በሰጎን ሜዳ አባት የሌለው አውሬ የለም። ባሕር ማዶ ያሉ አዛኞች "ብቸኛ አውሬ ስናይ አንጀታችን ይላወሳል" ብለው ነው አሉ ነገሩን የጀመሩት። መጀመሪያ የአውሬው ፎቶግራፍ ይላክላቸው ነበር። ፎቶግራፉ አልበቃ አላቸውና አውሬው ሰው ይመደብለት ተባለ። ሰውየው የአውሬው የጡት አባት ይሆናል፤ ልጁ እስኪሞት ከአጥሩ አይወጣም። እንግዲህ እንደ ዕጣህ ነው። ጥንቸል የደረሰው ሰው ጥቂት ታግሶ፣ አልቅሶ፣ ቀብሮ ይወጣል። ለሽመክት የደረሱት እመት ኤሊ ናቸው። ሐኪማቸው በየዓመቱ እየመጣ ልባቸውን ያዳምጥና፣ "ገና ልጅ እግር ናቸው፤ አይዞህ፣ አንተን ቀብረው ሌላ ሦስት አባት ይቀብራሉ" እያለ ያበሥረዋል።

አጥሩ የሚራመድ አጥር ነው። ጎህ ሲቀድ ከተኛበት ተነስቶ ወደ ሰው አገር ፈቀቅ ሲል ይታያል። ወደ ሽመክት መንደር ሲቃረብ ሰው ሁሉ ጓዙን ጭኖ ወጣ። ሽመክት ግን ማሽላው ደርሶ ነበርና "ይህችን አንድ ማሳ አጭጄ" አለ። እሱ ሲያጭድ አጥሩ በላዩ አለፈ። ሰው በማሽላ ይታሰራል? ሽመክት ታሰረ።

ደግነቱ ልጁን ትርንጎን አስቀድሞ አሳልፎ ሰጥቷታል። እናቷ በወሊድ የሞተችባት፣ ገና ጨቅላ ልጅ ነበረች። ከከተማ የመጣው የልጅነት ጓደኛው ማንደፍሮ በሽማግሌዎች ፊት አውራ ጣቱን ማር ነክሮ አጠባት፤ በአገሩ ልማድ የጡት አባቷ ሆነ። ወደ ከተማም ይዟት ሄደ። አጥሩን የሚያራምዱት ሰዎች ይህን ልማድ አይተው በጣም ወደዱት። "እንዴት ያለ ግሩም ባህል ነው!" ብለው ጻፉ፤ ለአውሬዎቹም ያንኑ ወሰዱት። ሰው በገዛ ፈቃዱ ጣቱን ማር ነክሮ ለአውሬ ካስላሰ፣ አዲሱ አባት እሱ ነው፤ የፊተኛው ነጻ ይወጣል።

ያ ሁሉ ካለፈ በኋላ ትርንጎ አድጋ፣ ታጭታ፣ ነገ ልትዳር ነው። ወሬውን የላከው ማንደፍሮ ነው። "የአንድ ቀን ጉብኝት ተፈቅዶልኛል፤ በሠርጉ ዋዜማ መጥቼ አይሃለሁ" ይላል መልእክቱ።

ሽመክት መልእክቱን ከሰማበት ቀን ጀምሮ አልጋው ሥር አንዲት ቅል ማር ደብቋል።

በሩ ላይ ሲጠብቀው ማንደፍሮ ከሩቅ ታወቀው፤ ያው ግንድ የሚያህል ትከሻ፣ ያው የጎደለ የፊት ጥርስ። ጥርሱን ያስወለቀው ሽመክት ነው። ልጆች ሳሉ "በጥምቀት ዋዜማ አህያ ጆሮ ውስጥ ስምህን ብትነግራት ትመልስልሃለች" ብሎት፣ አህያዋም በእግሯ መልሳለታለች።

በሩ ለእንግዳው ይለፈልፋል። ድምፁ ለስላሳ የሴት ድምፅ ነው፤ ሕጉን ከላይ እስከ ታች ያነበንባል፤ ማርም፣ ጣትም፣ ቤተሰብም እያለ። ማንደፍሮ ጆሮውን እያከከ ይጠብቃል።

"አንተ ሌባ! አልሞትክም?" አለ ከገባ በኋላ።

"ሞቼ ነበር። 'ውሸታም አናስገባም' አሉኝና ተመለስኩ።" ተቃቀፉ። ሽመክት ዓይኑን በኮቱ ላይ አሳረፈ። አዲስ ጥቁር ሰማያዊ ኮት ነው፤ ግን ማንደፍሮን አንቆታል፤ ቁልፉ አይገጥም፣ እጅጌው ክርኑ ላይ ሊደርስ ምንም አልቀረው። "ይሄን ኮት ከማን ሬሳ ላይ ነው የገፈፍከው?"

"ለሠርግ ነው ያሰፋሁት። ምን ሆነ?"

"ልብስ ሰፊው ጠላትህ ነው?"

"አጥቦኝ አይደለም፣ ወፍሬ ነው።"

"በሩ የነገረህን ሰማህ?" አለ ሽመክት እንደ ዋዛ።

"ማን በር ይሰማል! ነገረ ሥራው እንደ አክስቴ ነው፤ ሲጀምር እንጂ ሲጨርስ አላውቀውም።"

ሽመክት ልቡ ተንፈስ አለ። እቅዱ ቀላል ነው፤ ቀኑን ሙሉ እያዞረ ያሳየዋል፣ ያስቀዋል፣ ያደክመዋል፤ ሲመሽ ለስንብት ብሎ እመት ኤሊ ዘንድ ይወስደዋል። ማንደፍሮ ደግሞ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ ወንደላጤ ነው። ተከትሎት የሚገባ፣ የሚያለቅስበትም የለም። ሽመክት ይህን ነገር ሲያብሰለሰል ከርሟል። ማንን ይጎዳል? ማንንም። ኤሊ መወልወልም ሥራ ነው።

መጀመሪያ የወሰደው እናትነሽ ዘንድ ነው። እናትነሽ የሰጎን እናት ናቸው። እመት ሰጎን ግን እንቁላላቸውን ትተው ከአንድ ጎረምሳ ጋር ወደ ታችኛው ሜዳ ከሄዱ ሰነባብተዋል። እንቁላል ደግሞ ሊበርደው አይገባም። ሴትዮዋ አሸዋው ላይ፣ ቀሚሳቸውን ዘርግተው፣ ተቀምጠዋል።

"ደህና ዋላችሁ ልጆቼ። አልነሳላችሁም፣ ይቅርታ" አሉ።

ማንደፍሮ ሳቁ አመለጠው። ሽመክትን በክርኑ ጎሸም አደረገና፣ "አንተ፣ ለእኔ ብለህ አዘጋጅተህ ነው ያስቀመጥካቸው! አመልህ መቼ ይለቅሃል?" አለው።

"ባዘጋጅ ኖሮ ወንበር እሰጣቸው ነበር" አለ ሽመክት።

እናትነሽ አልሰሙም፤ ወይ ሰምተው ተዉት። "ከውጭ ነህ አይደል?" አሉ ማንደፍሮን። "እስቲ ጠጋ በልልኝ።" ጎንበስ አለላቸው። የኮቱን ክንድ ይዘው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት፤ ረጅም ጊዜ አሸተቱት። "ዳቦ ቤት በኩል ነው የመጣኸው። እውነቴን አይደል? ጭስና ዳቦ።" ከዚያ ከላይ ያለችው ንብ ጮኸች፤ ክንዳቸውን ሲዘረጉ ወገባቸው ከእንቁላሉ ትንሽ ተነስቶ ኖሯል። ኮቱን ለቀው ፈጥነው ተቀመጡ።

ማንደፍሮ ከዚያ በኋላ ጥቂት መንገድ ዝም ብሎ ሄደ። ሽመክት ዝምታው አልጣመውም፤ ዝም ያለ ሰው ያስባል። ስለዚህ ውሸቱን ያወርድበት ጀመር። እዚያ ግራር ሥር የቆሙትን ሳላ እያሳየ፣ "እሳቸውን ታያለህ? ባለፈው ሰሞን አባታቸውን ፍርድ ቤት ገትረውት ነበር። 'ቀንዴን አይቶ ስቋል' ብለው። ተርጓሚያቸው ዝንጀሮ ነበሩ።"

"እና?"

"ተፈረደበት። አሁን ሲያያቸው ያለቅሳል።"

ማንደፍሮ ሳቀ። ሽመክት ግን የዋሸው ስለ ዝንጀሮው ብቻ ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ፈረደ ቤት ለምሳ ገቡ። ፈረደ የአያ ጅቦ አባት ነው። ግራ እጁ ከክርኑ በታች የለም። የሥጋው መኪና የቀረ ቀን ነው የሄደው፤ አባት ልጁን ጦም ማሳደር አይችልማ። ፈረደ ራሱ ስለ ነገሩ ሲያወራ እንደ ቤት ኪራይ ነው የሚያወራው።

"እንብላ፣ እንብላ" አለ በቀረችው እጁ እያጎረሰ። "ቀኜን እስኪጠሩ ድረስ በቀኜ ላጉርሳችሁ።"

"ውሸት ተምረሃል ከዚህ ሰው" አለ ማንደፍሮ።

"ኧረ ወንድሜ! እኔ ውሸት ብችል ኖሮ እዚህ ምን አስገባኝ? ስካር ነው ያስገባኝ። ጉብኝት መጥቼ፣ ጠጅ በጠርሙስ ይዤ፣ አያ ጅቦ አሳዘኑኝና ጣቴን አስላስኳቸው። 'ሰክሬ ነው' ብል 'ጅቡ አልሰከሩም' አሉኝ። ያኔ ያ ሾፌር የሌለው ነጭ መኪናቸው በቀጥታ ቤቴ ሄደ። አባት የገባበት ቤተሰብ ይገባል አይደል ሕጉ? ሚስቴ ሊጥ እያቦካች ነበር። እጄን ልታጠብ ብትል 'ጊዜ የለም' አሏት። ከነሊጧ ነው የመጣችው፤ ሊጡ ጣቶቿ ላይ ደርቆ ለብዙ ቀን አለቀቀም። ያላገቡትን ልጆቼንም አመጧቸው። ትልቋ ብቻ ተረፈች፤ በሳምንት ቀድማ አግብታ ነበርና ከባሏ ጋር ተቆጠረች። ብልጥ ናት፤ እናቷን ነው የመሰለችው።"

ከጓዳ ሴትዮዋ፣ "ውሃ ልጨምር?" ስትል ተሰማ። ፈረደ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ "እስከ ዛሬ አታናግረኝም። እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው ድምፅዋን የምሰማው። ስለዚህ ተመላለሱ።"

ማንደፍሮ ጉርሻውን አላመጠው፣ አላመጠው፣ ዋጠው። "እኔ እንኳ ወንደላጤ በመሆኔ እግዜር ይመስገን" አለ።

"እኔም ለአንተ ሳመሰግን ነው የከረምኩት" አለ ሽመክት። ይህችኛዋ ውሸት አልነበረችም።

ከምሳ በኋላ ከወንዙ ዳር፣ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ከዚያ ሆነው አጥሩን ማየት ይቻላል፤ ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ የከተማው ጣራ ያብለጨልጫል። አጥሩ ከተማው ጫፍ ደርሷል፤ ሰው ቢጮህ ይሰማል።

"ምን ትመስላለች?" አለ ሽመክት።

"ማን?"

"አትቀልድ።"

ማንደፍሮ ሣር ነቅሎ ያኝክ ጀመር። "ቁመቷ የእናቷ ነው። ምላሷ ያንተ። ባለፈው የእጮኛዋን እናት 'እኛ ዘር ውስጥ ሙሽራ በሠርጓ ቀን አትናገርም፣ በማግስቱ ግን አትዘጋም' ብላ አስደንግጣቸዋለች። ከየት አመጣችው? እኔ አላስተማርኳትም።"

ሽመክት ሳቀ፤ ሳቁ ግን መሃል ላይ ተሰበረ።

"አባባ ትልሃለች?"

"ጋሽ ማንደፍሮ ነው የምትለኝ። ነፍስ ካወቀች ጀምሮ ነግሬአታለሁ፤ እኔ አሳዳጊሽ ነኝ፣ አባትሽ ሽመክት እዚያ አጥር ውስጥ ነው ብዬ። የሰው ልጅ አልሰርቅም።" ሣሩን ተፋው። "ትናንት ማታ ምን አለችኝ መሰለህ? 'ነገ ፀጉሬን ስሠራ ውዬ፣ ከነገ ወዲያ ስዳር፣ ማን ነው የሚመርቀኝ?' አለችኝ።"

"ምን አልካት?"

"ምን እላታለሁ? ዋሸኋት።"

ሽመክት ጥርጣሬ ቢጤ ከነበረው እዚያ ወንዝ ዳር ቀረ። ተነሳና ልብሱን አራገፈ። "ሳይመሽ እመት ኤሊን ተሰናበታቸው። ሳይሰናበቱ መሄድ ነውር ነው" አለ።

እመት ኤሊ ደጃፍ ላይ የመጨረሻዋን ፀሐይ ይሞቃሉ። ሽመክት ወደ ቤት ገብቶ ቅሉን አመጣ። ምላሱ እንደ ሁልጊዜው ነው።

"እንዲህ ነው" አለ። "እንግዳ ከመውጣቱ በፊት አውራ ጣቱን ማር ነክሮ ያስልሳቸዋል። ያላስላሰ እንደሆነ የመንገድ ጅብ ይከተለዋል። ያስላሰ ደግሞ ዕድሜው እንደሳቸው ይረዝማል። አንድ የጎንደር ነጋዴ አስልሶ ሄዶ፣ እስካሁን አልሞተም፤ ወራሾቹ ከስሰውታል።"

ማንደፍሮ ቅሉን አየ፣ ኤሊዋን አየ፣ ከዚያ ሽመክትን ረጅም ጊዜ አየው። አህያዋ ጆሮ ላይ ከመጎንበሱ በፊት እንዲሁ ነበር ያየው።

"እንደሳቸው ይረዝማል አልክ?"

"በእመብርሃን።"

ማንደፍሮ አውራ ጣቱን ማር ውስጥ ነከረ። ተንበረከከ። እመት ኤሊ አንገታቸውን ማውጣት ጀመሩ። ኤሊ ደግሞ ኤሊ ነው፤ አይቸኩልም። አንገቱ ትንሽ ወጣ፣ ቆም አለ፣ አሰበ፣ እንደገና ወጣ። በዚያ ጊዜ ውስጥ "ተው" የምትል ቃል ከሽመክት ሆድ ተነስታ ጉሮሮው ድረስ ደረሰች። ከንፈሩን ነክሶ ያዛት። ሚስት የለው፣ አለ በልቡ። ልጅ የለው። ተከትሎት የሚገባ የለው።

እመት ኤሊ ላሱ።

የብረት ንቧ ወረደችና እልል አለች። የተቀዳ እልልታ ነው፤ የማን እናት እንደሆነች፣ ለማን ሠርግ እልል እንዳለች የሚያውቅ የለም። "እንኳን ልጅ ወለድክ፣ ማንደፍሮ" አለች።

ሽመክት ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ስድብ ጠበቀ፤ ጡጫም ጠበቀ። የሰማው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ማንደፍሮ እያቃሰተ ኮቱን ሲያወልቅ።

"እሰይ! ቀኑን ሙሉ ብብቴን ሲቆርጠኝ ዋለ። እንካ ልበሰው።"

"ምን?"

"ልበሰው እንጂ። ያንተ ልክ ነው፤ ድሮ እኔ ዘንድ የቀረውን ካፖርትህን ወስጄ በሱ ልክ ነው ያሰፋሁት። ለእኔማ እንደማይሆን ዕውር ያየዋል። ጠዋት ስታሽሟጥጥ በሳቅ ልፈነዳ ነበር።"

ሽመክት አፉ ተከፈተ። "አውቀህ ነው?"

"በር ሲናገር የማይሰማ ሰው አለ? ከሀ እስከ ፐ ሰማሁት። አንተ ሞኝ፣ ልለምንህ ነበር የመጣሁት፤ 'ጣቴን ላስልስና አንተ ሂድ' ልልህ። እንቢ ትላለህ ብዬ ሌሊቱን ስጨነቅ አደርኩ። ለካ ቅል ደብቀህ ነው የምትጠብቀኝ!" ሳቀ፤ የጎደለው ጥርሱ ታየ። "ለትርንጎ ምን ብዬ እንደዋሸኋት ጠየቅከኝ አይደል? 'አባትሽን አመጣልሻለሁ' ነው ያልኳት። ሂድ፣ እውነተኛ አድርገኝ። ለአንድ ሰው እንኳ።"

ሽመክት ኮቱን ለበሰው፤ ልክክ አለ። የጓደኛውን እጅ ሊስም ቢያጎነብስ ማንደፍሮ ገፈተረው፤ "ሂድ፣ በሩ ሳይዘጋ! እኔና እመት እንተዋወቅበት። እንዴት አመሹ እመት?"

ሽመክት ሮጠ። እንደዚያ ሮጦ አያውቅም። ሁለቱም ሰዎች፣ ውሸታሙም ደጉም፣ ትርንጎ የሽመክት ልጅ ናት ብለው ያምናሉ፤ ተጠራጥረውም አያውቁ። የበሩ እምነት ግን ሌላ ነው። በሩ የሚያውቀው ማሩን ነው።

በሩ ተከፈተለት። "እንኳን ደህና ወጡ፣ እንግዳችን" አለው፤ አንቱ ብሎ። ሽመክት እግሩን ከአጥሩ ወዲያ አሳረፈ፤ አፈሩ ያው አፈር ነው። ከፊቱ የከተማው መብራት አንድ አንድ እያለ መብራት ጀምሯል። ከዚያው በኩል አንድ ሾፌር የሌለው ነጭ መኪና አቧራውን እያጨሰ መጣና፣ በሩ በደንብ እስኪከፈት አጠገቡ ቆመ።

መኪናው ውስጥ አንዲት ሴት ልጅ ተቀምጣለች። ግማሽ ራሷ ሹሩባ ተሠርቷል፤ ግማሹ ፀጉሯ ብትን ብሎ ትከሻዋ ላይ ወድቋል፤ ሚዶው እዚያው ላይ ተሰክቷል። ቁመቷን መቀመጫው አልቻለውም።

ሽመክት ፈረደን አሰበ። ሊጡን አሰበ። ከዚያ ሁሉም ነገር፣ ማሳው፣ ሽማግሌዎቹ፣ የማንደፍሮ አውራ ጣት በሕፃኗ አፍ ውስጥ፣ አንድ ላይ መጣበት፤ የመኪናውን መስኮት ይዞ ቆመ።

ልጅቷ ኮቱን አየች። "አባባ፣ ይሄ የጋሽ ማንደፍሮ ኮት አይደለም? ምን ሆኖ ነው?"

"ደህና ነው" አለ ሽመክት። "አውሶኝ ነው።"

"ፀጉሬን ስሠራ መጡና 'አባትሽ ገብቷል፣ ትከተይዋለሽ' አሉኝ። እንኳን ላብራራ፣ ሚዶውን እንኳ ሳላወጣ..." ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ፤ ግን ምላሷ አልተሸነፈም። "እጮኛዬ ነገ ግማሽ ሹሩባ ሲያገባ ይታየኛል። ግን አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ እዚያ ውስጥ ሽመክት የሚባል ሰው ያውቃሉ? ወላጅ አባቴ ነው። አይቼው አላውቅም።"

በሩ ተከፍቶ አልቋል። መኪናው በዝግታ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ሽመክት መስኮቱን ሳይለቅ አብሮ ተራመደ። እውነቱ ጉሮሮው ላይ ነበረች፤ "ተው" የምትለው ቃል ቅድም የቆመችበት ቦታ። እውነቱን ቢነግራት ምን ይዛ ትገባለች?

"አውቀዋለሁ" አለ። "ውስጥ እየጠበቀሽ ነው። ኮት ለብሷል።"

ትርንጎ ፈገግ አለች። እንባዋ ሳይደርቅ፣ ፊቷን በእጇ ጠረገች፤ የተበተነውን ፀጉሯን ሰብስባ ለማስተካከል ሞከረች። መኪናው አለፈ። ሽመክት ሊከተል ሲል በሩ ፊቱ ላይ ተዘጋ። በጡጫው ደበደበው፣ ስሟን ጠራ፣ የራሱን ስም ጠራ፣ ተሳደበ።

በሩ እስኪጨርስ በትዕግሥት ጠበቀው።

"የጉብኝት ሰዓት አልቋል" አለው ለስላሳው ድምፅ። "ለሌላ ጉብኝት ሲፈቀድልዎት እናሳውቅዎታለን። ከመሄድዎ በፊት፣ የዛሬ ቀንዎን እንዴት አገኙት? ሳይመልሱ መንገዱ አይከፈትም።"

ሽመክት ግንባሩን ብረቱ ላይ አስደግፎ ቆየ። ከውስጥ፣ ከሩቅ፣ የተቀዳ እልልታ ይሰማል።

"ጥሩ ነበር" አለ።